አምስት ደቂቃ ሲቀረው የሚመጣ ንስሐ

በሚቀጥለው በዓል በቤተ ክርስቲያናችሁ የሚቀርበውን ድራማ ልንገራችሁ? አላየሁትም፤ ግን አውቀዋለሁ። አንድ ጎረምሳ የተዋሰውን የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይገባል። በያዘው የቢራ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውኃ ነው፤ ይህን ከፊት የተቀመጡት ሕፃናት እንኳ ያውቃሉ። እናቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅሳለች። ጓደኞቹ ይስቁባታል። ከዚያ ወይ መኪና ይገጨዋል፣ ወይ ደም ይተፋል። በሆስፒታል አልጋ ላይ ይጋደማል (አልጋው የመዘምራን አግዳሚ ወንበር ነው)፤ አንድ ወንጌላዊ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ይደርሳል፤ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ጎረምሳው ይንበረከካል። ድራማው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሱሱም፣ ዕዳውም፣ ከአባቱ ጋር የነበረው ጠብም አብረው ያልቃሉ። ጉባኤው ያጨበጭባል፤ እኛም እጅ ለእጅ ተያይዘን እንጎነበሳለን።

በቁጣ የምጽፈው ያን ጃኬት ስለማውቀው ነው። ሞጣ ሳገለግል ሦስት ዓመት ያህል ያ ጎረምሳ እኔ ነበርኩ። አራት ጊዜ ተገጭቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደም ተፍቻለሁ። ሁሌም ድኛለሁ። አንድ ምሽት ልብሴን እየለወጥኩ ሳለ፣ ሻይ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ መጣና በር ላይ ቆመ። ሁለት እሑድ ብቻ ነበር የመጣው።

«ከዚያ በኋላስ?» አለኝ።

«ከምን በኋላ?»

«ከተንበረከከ በኋላ። ጠዋት ሲነሣ ምን አደረገ? የተበደረውን ማን ከፈለለት? ጓደኞቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ምን አላቸው?»

ሳቅሁ። «ድራማው አለቀ'ኮ» አልሁት። እሱ ግን አልሳቀም። ኋላ እንደሰማሁት፣ ከጠጅ ቤት እግሩን ለማውጣት ሁለት ዓመት ሲታገል የነበረ ልጅ ነው። የጠየቀኝ ስለ ራሱ ነገ ጠዋት ነበር። እኔ ስለዚያ ጠዋት አንድም መስመር አልጻፍኩም፤ ስለዚህ የምመልስለት አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ በኅብረታችን አላየሁትም።

ወጣት ወገኖቼ፣ ብዙዎች በዓለማዊነት ይከስሷችኋል፤ እኔ የምከሳችሁ በስንፍና ነው፤ ራሴንም ጨምሬ። ሰውን የሚለውጥ ታሪክ መጻፍ ሙያ ነው። ሙያው አለ፤ የሠሩት ሰዎች አሉ፤ እኛ አንማረውም። ከሠሩት አንዱን ላስተዋውቃችሁ።

ሚጌል ሳቢዶ ይባላል። አገሩ ሜክሲኮ ነው። ሲጀምር የመድረክ ቲያትር ሰው ነበር፤ ኋላ ቴሌቪሳ በሚባለው የአገሩ ትልቅ የቴሌቪዥን ኩባንያ የምርምር ክፍል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ተከታታይ ድራማም ጻፈ፤ ፕሮዲዩስም አደረገ። ሐሳቡን የጫረበት ግን የራሱ ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 በፔሩ «ሲምፕሌሜንቴ ማሪያ» የሚል ተከታታይ ድራማ መታየት ጀመረ። ማሪያ ከተራራው አገር ወደ ሊማ ወርዳ በሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ናት። ማታ ማታ ፊደል ትቆጥራለች፤ ልብስ መስፋት ትማራለች፤ በመርፌዋና በመኪናዋ ራሷን ችላ ትቆማለች። ደራሲው ማንንም ላስተምር ብሎ አልተነሣም። ይሁን እንጂ ድራማው በታየበት አገር ሁሉ የቤት ሠራተኞች ለማታ ትምህርት ተመዘገቡ፤ የሲንገር የስፌት መኪና ገበያ ደራ። ማሪያ የምታገባበት ክፍል በተቀረጸበት ቀን፣ በሊማ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ 10,000 ያህል ሰው እውነተኛ ሠርግ የተጠራ ይመስል ተሰበሰበ።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ ተገርሞ አለፈ። ሳቢዶ ግን እንደዚያ ሻይ ቤት ልጅ ጠየቀ፦ ይህ ሳይታሰብ ከሆነ፣ ታስቦበት ሊደረግ አይችልም ወይ? ዓመታት ፈጀበት። የቲያትር ንድፈ ሐሳብ መረመረ፤ ሰው የሚማረው የሚመስለውን ሰው አይቶ ነው የሚለውን የአልበርት ባንዱራን ጥናት አጠና። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1975 «ቬን ኮንሚጎ»ን አወጣ፤ «ከእኔ ጋር ና» እንደ ማለት ነው። ነገሩ ፊደል ያልቆጠሩ አዋቂዎች በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሲማሩ የሚገጥማቸው ነው፤ ማፈሩ፣ ድካሙ፣ የባል ቁጣ፣ አቋርጦ መመለሱ። በአንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ የመማሪያ መጽሐፉ ከየት እንደሚገኝ ተነገረ። በማግሥቱ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ማከፋፈያው ሄዶ የሜክሲኮ ከተማ መንገድ እንደ ተዘጋ ይነገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ «አኮምፓኛሜ» የተባለው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ተከተለ። መንገዱ ከሜክሲኮ ወጥቶ ሕንድ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 «ሁም ሎግ» የሚባል ተከታታይ ድራማ በ156 ክፍል አንድ ተራ ቤተሰብን እያሳየ አገሩን ሁሉ ቴሌቪዥን ፊት አስቀመጠው። ቀጥሎ ኬንያ፣ ታንዛንያ፣ ኋላም የእኛ አገር።

አሁን ምሥጢሩን ልንገራችሁ፤ ምሥጢርም አይደለም፤ ሳቢዶ ራሱ ለሚሰማው ሁሉ ሲያስተምረው የኖረ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሦስት ዓይነት ሰው ያስቀምጣል። አንዱ በጎውን መንገድ የያዘ ነው። አንዱ ክፉውን የያዘ ነው። ሦስተኛው መካከል ላይ ያለው ነው፤ ልቡ ወዲህም ወዲያም የሚል፣ ዛሬ ወስኖ ነገ የሚያፈርስ፣ ተነሥቶ የሚወድቅ፣ ወድቆ የሚነሣ። ሸክሙ ሁሉ ያለው በዚህ ሦስተኛው ላይ ነው። ተመልካቹ ጻድቁን ያከብረዋል እንጂ አይከተለውም፤ ክፉውን ይጠላዋል እንጂ ራሱን በእሱ ውስጥ አያይም። የሚከተለው መካከለኛውን ነው፤ እሱን ይመስላልና። ደግሞም መካከለኛው ሰው በአንድ ምሽት አይለወጥም። ወራት ይፈጅበታል። ዋጋ ይከፍላል፤ ጓደኛ ያጣል፤ ደጋፊ ያገኛል፤ እንደገና ይፈተናል። ተመልካቹ ከእሱ ጋር እያንዳንዱን እርምጃ ስለሚራመድ፣ ድራማው ሲያልቅ መንገዱን ያውቀዋል።

የእኛን ድራማ በዚህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። በጎው ሰው አለን፤ ወንጌላዊው። ስም እንኳ የለውም። ክፉዎቹ አሉን፤ የጎረምሳው ጓደኞች፤ ከመሳቅ በቀር ሥራ የላቸውም። መካከለኛውን ሰው ግን ሰባት ወር ሊወስድ የሚገባውን ሁሉ በአምስት ደቂቃ ጨፍልቀን፣ በኪቦርድ ሸፍነን እንሰጣለን። ስለዚህ ያ ልጅ «ከዚያ በኋላስ?» አለ። ጥያቄው የሥነ ጽሑፍ ሂስ ነበር፤ እኔ አልገባኝም እንጂ።

«ይህ የፈረንጅ ዘዴ ነው» የምትሉ አትጠፉም። እንግዲያው የራሳችሁን ጆሮ ልጥቀስባችሁ። ልጅ ሳለሁ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለች ገጠር አክስቴ ዘንድ እከርም ነበር። እትዬ ሬዲዮኗን ከመደቡ በላይ በጨርቅ ሸፍና ታስቀምጣለች፤ ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። «የቀን ቅኝት» የሚጀምርበት ሰዓት ሲደርስ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡናውም ያን ጊዜ ይፈላል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ በ257 ክፍል የተላለፈው ይህ ድራማ በቀጥታ በሳቢዶ ዘዴ የተሠራ ነው፤ ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የተባለው ድርጅት ነው። ከአድማጮች የመጣለት ደብዳቤ ከ15,000 በላይ ነበር። የአክስቴ ጎረቤቶች አንብበው መጻፍ የማይችሉ ነበሩና ደብዳቤ አልጻፉም። ግን ፍቅርተ ስትበደል ሲኒያቸውን አስቀምጠው ተሟግተውላታል፤ «እኔ ብሆን» ሲሉ ሰምቻለሁ። አንዲት ጎረቤት ስለ ልጇ ጋብቻ ከባሏ ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ አፍ አውጥታ የተከራከረችው በዚያው ሰሞን ነው። ያንን ቃል ያቀበላት ሰባኪ አልነበረም፤ በሬዲዮ የሰማቻት አንዲት የተፈጠረች ሴት ናት።

ከዚያ ደግሞ «ሰው ለሰው» መጣ። ዛሬ በሕይወት የሌለው መስፍን ጌታቸው የጻፈው ይህ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በታየባቸው ዓመታት፣ አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልጠላ ማን ነበር? ለምን ጠላነው? ስላመንነው ነው። አስናቀ ጥቁር መነጽር አድርጎ ወደ ቤት ስለገባ አልነበረም። ክፉ የሆነው ሲያስብ፣ ሲያሰላ፣ ሲያግባባ፣ ሲያቆላምጥ ነው፤ እንደ እውነተኛ ክፉ። በእኛ ኅብረት ድራማው በሚታይበት ምሽት የጸሎት ፕሮግራም ይሳሳ ነበር፤ መሪዎቹም ጠዋት ሲገናኙ «ምን ሆነ?» ይባባሉ ነበር። እሑድ ግን ከመድረክ ሁሉም ነገር «የዓለም» ተብሎ ተወገዘ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያሰማ ሲመጣ የአገር ውስጥ ባለሙያዎች ተቃወሙ፤ እኛም ተቃወምን። የእነሱ ተቃውሞ ይገባኛል፤ የሚወዳደሩበት ሥራ ነበራቸውና። የእኛ ግን ምን አስይዞን ነው? ያን ጃኬት?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ፤ ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፤ እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የወንጌል አማኞች በዚህች አገር ትልቅ ማሰራጫ ነበራቸው። ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ድምፁም ከኢትዮጵያ አልፎ ወደ አፍሪካና እስያ አገሮች ይደርስ ነበር። የአየር ጊዜውን እንዴት እንደ ከፋፈሉት ታውቃላችሁ? ከመቶው ሠላሳ እጅ ለስብከት፤ ሰባው እጅ ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለመዝናኛ። ሰባው! እነዚያ አባቶች ለወንጌል ቅናት አጥተው ነው? አይደለም። የሚሰማቸው ሰው ሙሉ ሕይወት እንዳለው ስለገባቸው ነው፤ የሚታመም ልጅ፣ የሚነቅዝ እህል፣ የማያነበው ደብዳቤ። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ጣቢያውን ወረሰውና ማሰራጫው የአብዮቱ ድምፅ ሆነ። እኛ ዛሬ በኪሳችን ካሜራም መቅረጫም ይዘን እንዞራለን፤ ማንም አልወረሰንም። የምናሰራጨው ግን የስብከት ቁራጭና የመዝሙር ቅንጭብ ነው፤ መቶው በመቶ።

ሳቢዶን ቅዱስ አድርጌ እንዳላቀርበው ሁለት ነገር ልበልበት። አንደኛ፣ ያ መንገድ የዘጋው ሕዝብ ሲጎርፍ የሚበቃው መጽሐፍ አልተዘጋጀለትም፤ ብዙዎች ተስፋ ይዘው መጥተው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ልብ መቀስቀስ ቀላሉ ነው፤ የተቀሰቀሰውን መቀበያ ማዘጋጀት ነው ከባዱ። እኛም ያን ሻይ ቤት ልጅ ቀስቅሰነው መቀበያ አልነበረንም። ሁለተኛው ይከብዳል። ካሜራውን የያዘ ሰው በጎው ማን እንደ ሆነ፣ ክፉው ማን እንደ ሆነ ይወስናል። ሳቢዶ የአገሩን ሕግና የታወቁ የሰብአዊ መብት ድንጋጌዎችን መሠረት አድርጌ ነው የምወስነው ይላል፤ ጥሩ ነው፤ ግን ያው ዘዴ በሌላ እጅ ሌላ ይሠራል። ከብሥራተ ወንጌል ማሰራጫ በላይ ምስክር አልፈልግም፤ አንቴናው ያው ሆኖ ቃሉ በአንድ ጀምበር ተለወጠ። ስለዚህ «ድራማ አደገኛ ነው» የሚሉ ሽማግሌዎቻችንን አልንቃቸውም። አደገኛ ነው። እሳትም አደገኛ ነው፤ ግን ወጥ የምንሠራው በእሱ ነው።

የማልቀበለው «ታሪክ መንፈሳዊ አይደለም፤ ወንጌል በግልጽ ይነገር» የሚለውን ነው። ነቢዩ ናታን ዳዊት ፊት ሲቆም ምን ይዞ ሄደ? ክስ ይዞ አልሄደም፤ የአንድ ድሃና የአንዲት በግ ታሪክ ይዞ ሄደ። ንጉሡ ተቆጣ፤ ፈረደ፤ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ያወቀው ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ነው። ናታን «አመንዝረሃል፤ ገድለሃል» ብሎ ቢጀምር የቤተ መንግሥቱ በር ምን ያህል ክፍት ይቆይ ነበር? የጠፋውን ልጅ ታሪክ ደግሞ ተመልከቱ። ታናሹ ከመመለሱ በፊት ገንዘቡ ማለቅ ነበረበት፤ ረሃብ መምጣት ነበረበት፤ ከእሪያ ጋር መዋል ነበረበት፤ ለአባቱ የሚናገረውን ቃል እያሰላሰለ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ መሄድ ነበረበት። ታላቁ ልጅስ? ደጅ ቆሟል፤ አባቱ እየለመነው ነው። ገባ? አልገባም? ጌታችን አልነገረንም። እኛ ብንሆን አምስት ደቂቃ ጨምረን አስገብተን፣ አስተቃቅፈን፣ መዝሙር እናዘምርበት ነበር።

«ርዕስ የለንም» የሚል ካለ እፍረቱ የራሱ ይሁን፤ በተለይ የእኛ አገር ልጅ ከሆነ። ሞጣን ከማዶው የጎንደር ምድር የሚያገናኘው ሰባራ ድልድይ በጣልያን ዘመን መካከሉ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሰው በገመድ እየተጎተተ ነበር ዐባይን የሚሻገረው። አስቡት፤ አንድ ሰው ገመዱን በወገቡ አስሮ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከሚጎትቱት መካከል አንዱ ደመኛው ነው። ስንት ክፍል ይወጣዋል? የጥኖራ በደርግ ጊዜ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበሯ ለምሳሌ የሚጎበኝ ነበር፤ በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ መሬቱም በሬውም ተከፋፈለ። አብረው ሲያርሱ የኖሩ ጎረቤታሞች በሬ ሲካፈሉ የተባባሉትን ማን ጻፈው? ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋና ታሪኩ ያለው ዲማ ነው፤ ከቢቸና ሩቅ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎች በቃላቸው ያዙት። እኛ በዚያው አፈር ላይ ተቀምጠን ከከተማ ፊልም የተቀዳ ጎረምሳ እንጫወታለን፤ ጃኬቱ እንኳ ለደጋው ብርድ አይሆንም።

አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስለ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ጻፍኩ። ሕጉ 18 ቢልም አባቷ ሽማግሌ ተቀብሏል። አባቷን ክፉ ሰው አላደረግሁትም፤ ልጁን ይወዳል፤ «ሳልሞት ወግ ማዕረግ ልያት» ይላል፤ ከልቡም ነው። መካከለኛው ሰው እሱ ነው። በስምንተኛው ክፍል ይስማማል፤ በአሥረኛው ጎረቤት ሲስቅበት ይመለሳል። ጽሑፉን በዚያን ጊዜ ለነበርኩበት ኅብረት አገልግሎት ክፍል ሰጠሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰልኝ።

«ወንድሜ፣ ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ጌታ ይባርክህ» አለኝ የተቀበለኝ ወንድም። «ግን አባትየው ጌታን የሚቀበለው የት ላይ ነው?»

«ገና ነው» አልሁት። «አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ መጸለይ ይጀምራል፤ እሱም ተናዶ ነው።»

«እኛ ያለን ሃያ ደቂቃ ነው'ኮ!»

እውነቱን ነው። ሃያ ደቂቃ ነበር ያለን፤ ከመዝሙርና ከማስታወቂያ በኋላ። ያን ቀን አልተከራከርኩም፤ በዚያ ዓመት ድራማ ለአምስተኛ ጊዜ ተገጨሁ። ዛሬ ግን ለእናንተ የምለው ይህ ነው፦ ሃያ ደቂቃውን ተቀበሉት፤ ታሪኩን ግን አትጨርሱበት። በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ቢሰጣችሁ የዓመቱ ስንት ይሆናል? ባይሰጣችሁ ደግሞ ስልክ አላችሁ። ለድምፅ ድራማ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት አንድ ጓዳ፣ አራት ማንበብ የሚችሉ ልጆችና ዝናብ የሌለበት ምሽት ይበቃል፤ ቆርቆሮ ላይ ሲዘንብ መቅረጽ አይቻልም፤ ይህን በመከራ ተምረናል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ውጡና ጠይቁ። ሳቢዶ ሳይጠይቅ አይጽፍም ነበር። ከሱስ የወጣውን ሰው ሦስተኛው ሳምንት እንዴት እንደ ነበር ጠይቁት። ልጁን ሊድር አስቦ የተወውን አባት ምን እንደ ተባለ ጠይቁት። የተወችውን ትምህርት የቀጠለችውን እኅት፣ ክፍል ውስጥ ከትናንሾቿ ጋር ስትቀመጥ ምን እንዳለቻቸው ጠይቋት።

እኛ አምስት ሆነን ጀምረናል። አባትየው አሁን ስድስተኛው ክፍል ላይ ነው፤ ገና አልጸለየም። ሻይ ቤቱ ውስጥ የሚሠራ አንድ ልጅም ታሪኩ ውስጥ ገብቷል፤ ትላንት ማታ ከጠጅ ቤቱ በር ላይ ተመልሶ ሄዷል፤ ነገ ግን ቅዳሜ ነው፤ ገበያ ነው፤ ጓደኞቹም ደመወዝ ተቀብለዋል።